የሴቶቹ በኩል ፎቶ አንሺ

ፎቶ ቤቴን ከለቀቅኩ ወዲህ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሀርጌሳ ውስጥ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር የነበረችኝን ክፍል የባጃጅ ወንበር የሚሰፋ ሰው ተከራይቷታል፤ እኔ ደግሞ ከዚያው ሰፈር ጀርባ ባለችው ቤቴ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ከአስር ሰላት በኋላ ከአንዱ ግቢ ድምፅ ማጉያ ሲፈትሹ፣ ተከትሎም ከበሮ ሲመታ፣ እግሬ እኔን ሳያማክር ጫማ ፍለጋ ይሄዳል። ጎረቤቴ አልማዝ የጎንደር ሰው ናት፤ ለአንድ ሀብታም ቤተሰብ ምግብ ታበስላለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰርጉ ያለ አንቺም ይሰረጋል እኮ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አሁን ሙሽራዋ ራሷ ስልኳን ዘርግታ ራሷን ታነሳለች፤ ዘፋኟም ማይኩን በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላ እጇ ይዛ ትዘፍናለች። እኔን ማን ይፈልገኛል? ጉልበቴም ቢሆን ወንበር ላይ መውጣት ከተወ ቆይቷል።

ጡረታ ስል አበል የሚቆረጥለትን ጡረታ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ ጸሐፊው «ሥራ?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ፤ እሱም ባዶ አድርጎ አለፈው። ያን ቀን ነው ጡረታ መውጣቴን ያመንኩት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት በህልሜ የማነሳቸውን ፎቶዎች ቀን ላይ ማውራት ስለጀመርኩ፣ አልማዝ ከምሰማሽ ጻፊው ብላኛለች።

እኔ የሴቶቹ በኩል ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ሀርጌሳ ውስጥ ሰርግ ሁለት በኩል አለው። በወንዶቹ በኩል ባንድ አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ከረባት ያሰረ ዘፋኝ አለ። በሴቶቹ በኩል ደግሞ በሩ ይዘጋል፣ ሻሽና መሸፈኛ ይወልቃል፣ ሴት ለሴት ትዘፍናለች። ካሜራ ያንጠለጠለ ወንድ ያቺን በር ቢያልፍ አጥንቱን ለቅሞ የሚወጣ አይመስለኝም። የከተማዋ ጥሩ ጥሩ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በር ጀርባ ነበር። በዚያ በኩል ካሜራ የያዘች ሴት ለብዙ ዘመን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላ ከነበረችም አልተዋወቅንም።

ከኮምቦልቻ ወጥቼ በጅግጅጋ በኩል ሀርጌሳ ስገባ ከተማዋ ግድግዳ እንጂ ጣራ አልነበራትም። ቆርቆሮው ሁሉ በጦርነቱ ተነቅሎ ሄዷል። ሰዉ ከስደት ካምፕ በየቀኑ በጭነት መኪና ይመለሳል፤ የተመለሰው ሁሉ በመጀመሪያ ሸራ ይወጥራል፣ ቀጥሎ ጣራ ይሠራል፣ ከዚያ ወይ ልጅ ይድራል ወይ ራሱ ያገባል። እንደዚያ ዘመን ሰርግ የበዛበት ጊዜ አላየሁም። የተረፈ ሰው ሁሉ ለማግባት የቸኮለ ይመስል ነበር። እኔ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። የሆቴሉ ባለቤት ደግ ሴት ነበረች፤ ጉድለቷ አንድ ነው፣ አንሶላ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ በኋላ መጥታ ታሸተዋለች፤ ካልጣማት ደግመሽ እጠቢ ትለኛለች።

አዴር ኑርን ያወቅሁት በአንሶላ ምክንያት ነው። አዴር ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ ሽማግሌን ሁሉ እንደዚያ ይሉታል፣ ሽማግሌውም መልሶ ታናሹን አዴር ይለዋል። ቀጭን፣ ጀርባው የጎበጠ ፎቶ አንሺ ነበር። በወጣትነቱ ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሙያውን ስለተማረ አማርኛው የባቡር ጣቢያ አማርኛ ነው፤ ሲቆጣ ፈረንሳይኛ ይገባበታል። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ሙዚቃ ሲኖር ይመጣና ነጭ አንሶላ ይከራየናል። አንሶላውን ከዘፋኙ ጎን ወጥሮ የአምፖሉን ብርሃን ያስመታበታል። ብልጭታ አይጠቀምም ነበር። ቦምብ ሲወርድበት ለኖረ ሰው ድንገት ፊቱ ላይ ብርሃን መጣል ነውር ነው ይላል፤ እውነትም አንድ ሌላ ፎቶ አንሺ ብልጭ ሲያደርግ አንዲት አሮጊት ጠረጴዛ ስር ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ። የሳቀባት ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አንሶላውን ሲመልስ እድፍ አገኘሁበትና ተቆጣሁ። እሱ ደግሞ እጆቼን እያየ፣ «ውሃ ታውቂያለሽ። ሴትም ነሽ። ፎቶ ማጠብ ከአንሶላ ማጠብ ይቀላል» አለኝ። የሚፈልገኝ ለሴቶቹ በኩል ነበር። እሱ መግባት አይችልም፤ የሙሽሮቹ እናቶች ግን ፎቶ ይለምኑታል። ከጦርነቱ በፊት የነበረው ፎቶ ቤቱ ሲቃጠል የከተማው ሴት ፊት ሁሉ አብሮ ተቃጥሏል። ይህንን ሲነግረኝ የራሱን ዕዳ የሚናገር ይመስል ነበር።

እንግዲህ አስተማሪዬ አንድም ፎቶዬን አይቶ አያውቅም። ይህንን ለሰው ስነግር ቀልድ ይመስለዋል። በሴቶቹ በኩል ያነሳሁትን ፊልም የማጥበው እኔ ነኝ፣ የማትመውም እኔ ነኝ፤ ወንድ ሊያየው አይገባምና እሱም አያይም። ጨለማ ክፍላችን በር የላትም፣ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው የተጋረደባት። እኔ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ በርጩማው ላይ። ውሃው በአህያ ጋሪ የሚመጣ አሸዋማ ውሃ ስለሆነ ፊልሙ ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፤ ስለዚህ ከሱ ሽርጥ በተቀደደ ጨርቅ ሁለት ሦስቴ አጥልለዋለሁ። ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው ከውጭ ይጠይቀኛል። እጇ የት ነው? ማንን እያየች ነው? አንገቷ ላይ ጅማት ይታያል? ከበሮ መቺዋስ ከበሮውን ነው የምታየው ወይስ እሷን? እመልስለታለሁ። ካዳመጠኝ በኋላ «አትሚው» ወይም «ለእናቷ ስጫት፣ አንቺ ግን አትኩሪበት» ይላል። ዋሽቼው እንዳይሆን የሚያውቀው በምን ነበር? ድምፄን ነው የሚሰማው። የማልኮራበትን ፎቶ ስነግረው ቶሎ ቶሎ እንደማወራ አንዴ ነግሮኛል።

ቶሎ ቶሎ ማውራት የዘወትር በሽታዬ ነው፤ አሁንም አልለቀቀኝም። ሥራው ደግሞ እንደኔ ላለች ችኩል ተስማሚ ነበር። ዛሬ ከአየር ማረፊያው በኩል፣ ነገ ከወንዙ ማዶ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሰርግ። በሚኒባስ ስሄድ ካሜራዬን ሽርጤ ውስጥ ጠቅልዬ ከሆዴ ላይ አስረዋለሁ፤ እርጉዝ መስዬአቸው ስንት ሰው ወንበር ለቆልኛል። ከፊልሙ በቀር የሚጎድለኝ አልነበረም። ፊልም ከዱባይ በነጋዴ እጅ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ መቆጠብ ተማርኩ። ቆጣቢነቴ በኋላ ጉድ ሠራኝ።

ሳፊያ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ከጦርነቱ በፊት ከተማው የሚያውቃት ዘፋኝ ነበረች፤ ድምፅዋ በሬዲዮ ይወጣ ነበር። ረዥም፣ ፊቷ ጠቆር ያለ፣ ስትቀመጥ ወንበሩ የሷ የሚመስል ሴት ናት። የወጣትነት ፎቶዎቿ ከአዴር ኑር ፎቶ ቤት ጋር ተቃጥለዋል። በስደት ካምፕ አንድ ልጇን አሳድጋ፣ ልጁ አድጎ ዓረብ አገር ወደብ ላይ ሥራ ይዟል። አሁን እናቱን ሐጅ ሊያደርሳት ተስሏል። ሐጅ ያደረገች ሴት ደግሞ ዘፈን ትተዋለች፤ ሕግ ሆኖ የተጻፈ አይደለም፣ ግን ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ልጁም ይህንን ለምኗታል። እሺ ብላዋለች። የእህቷ ልጅ ሰርግ የመጨረሻዋ ሊሆን ነው።

አዴር ኑር ፊት ቁጭ ብላ የተናገረችውን ብርድ ልብሱ ጀርባ ሆኜ ሰማሁት።

«ያሲን ስዘፍን አይቶኝ አያውቅም» አለች። «ካምፕ ውስጥ ነው ያደገው፤ እዚያ የማን ጉሮሮ ይከፈታል? ተይው ያለኝን ነገር አያውቀውም። ቢያንስ ምን እንደሆነ ይየው። ሻሼን አስሬ እዘፍናለሁ፣ ወንድ ቢያየው የማያሳፍር ይሁን። አንድ ፎቶ፣ አፌ ተከፍቶ።»

አዴር ኑር ካሴት ብትልኪለትስ ብሎ ጠየቃት። ካሴት ከቤቱ አስወጥቷል፣ አይሰማም አለችው። ፖስታ ግን ይከፍታል፤ እናቱ የላከችለትን ፖስታ የማይከፍት ልጅ የለም። እኔም ብርድ ልብሱን ገልጬ ወጥቼ፣ አንድ ሳይሆን አስር አነሳልሻለሁ አልኳት። አፌ እንደዚያ ነው።

ሰርጉ ከሰዓት በኋላ ነበር። ግቢው በሸራ ተጋርዷል፣ ሴቱ ሞልቷል፣ የሙሽራዋ እጅ ሂናው ገና እርጥብ ነው። ኡድ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚመታው ሽማግሌ ወንድ ስለሆነ ጀርባውን ሰጥቶ ከመጋረጃ ወዲያ ተቀምጧል፤ ክሩ ይሰማል፣ ሰውዬው አይታይም። ሳፊያ አረንጓዴ ሻሽ አስራ ከመጋረጃው ፊት ተቀመጠች። ውሃ ስትጠጣ አነሳኋት። ከሙሽራዋ ጋር ስትስቅ አነሳኋት። ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ከበሮ መቺዎቹን ስትቆጣ። ከዚያ ያለኝ ፊልም ጥቂት ቀረና ቆጠብኩት። የሚሞቅበት ጊዜ ይመጣል አልኩ።

እኔ ያደግኩት ዘፈን ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጋለ በሚሄድበት አገር ነው። መጀመሪያ ያንጎራጉራሉ፣ ከዚያ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ከበሮው ይለወጣል፣ ትከሻ ይነሳል፤ ያኔ ነው ፎቶ የሚነሳው። ሳፊያ ጀመረች። ቁጭ ብላ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ድምፅዋ ከደረቷ ይወጣል፣ ቀስ ይላል። መግቢያው ነው አልኩ። አልተነሳችም። ከበሮው አልተለወጠም። ከኋላዬ ሴቶች «ዎይ» ሲሉ ሰማሁ፤ አንዷ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ገና አልሞቀም ብዬ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ከዚያ ሳፊያ አፏን ገጠመች። ኡዱ ትንሽ ተከትሎ እሱም ዝም አለ። ሴቶቹ ተነስተው ከበቧት፣ ያለቅሱ ነበር፣ እያቀፉ ሽቶ ይረጩባታል። አለቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያቺን ግርግር እየዞርኩ የቀረ ፊልሜን ሁሉ በጀርባና በክርን ጨረስኩት።

ማታውን አልጠበቅኩም፣ ከዚያው ሄጄ ፊልሙን አጠብኩ። አዴር ኑር በርጩማው ላይ ነበር።

«እጇ የት ነው?»

«ጉልበቷ ላይ።»

«አፏስ?»

«ዝግ ነው።»

«በሁሉም?»

በሁሉም አልኩት። ከዚያ ሳልጠየቅ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመርኩ፤ ፊልሙ ትንሽ ነበር፣ ሴቶቹ ጋረዱኝ፣ ዘፈኑ ሳይሞቅ አለቀ። እዚህ ላይ አቆመኝ።

«ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሞቋል» አለ። «የእናንተ ግጥም ቤት የሚመታው መጨረሻ ላይ ነው። ጆሮሽ እስከ ስንኙ ጅራት ይጠብቃል። እዚህ የሚመታው ከፊት ነው። የስንኙ ቃላት በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ያ ድምፅ ሲመጣ ሰሚው ያውቃል፣ ያኔ ነው ልቡን የሚሰጠው። አንቺ ትከሻ ስትጠብቂ ሴትዮዋ ተናግራ ጨረሰች።»

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቋንቋውን እኮ እችላለሁ ብዬ ነበር። ገበያ እገዛበታለሁ፣ ከሾፌር እጣላበታለሁ። ለዘፈኑ ግን ደንቆሮ ነበርኩ፣ ደንቆሮነቴንም አላውቀውም።

በማግስቱ ራሴ ሳፊያ ቤት ሄጄ ነገርኳት። የተነሱትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። የምትስቅበትን ወደደችው። ከዚያ እኔ ሞኟ፣ እዚሁ ቁጭ በይና አንዴ አፍሽን ክፈቺልኝ፣ ማንም አያውቅም አልኳት።

«አፌን ከፍቼ ልቀመጥልሽ? ጥርስ ሐኪም ነሽ እንዴ?» አለች።

ለመሳቅ ሞከርኩ። እሷ አልሳቀችም። ፎቶዎቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ እንግዲያው ለያሲን የፓስፖርቴን ፎቶ እልክለታለሁ አለች። በሳምንቱ ሐጅ ሄደች። ስትመለስ ሐጃ ሳፊያ ሆና ነው የተመለሰችው፤ ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ ታልፋለች። ያ ሰላምታ ሰይፍ ነበር። እሷ እንደዚያ ብላ አይደለም፤ ለእኔ ግን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመኔ በአብዛኛው ሩጫ ነው። የሆቴሉን ሥራ ተውኩ። ከተማዋ ጣራ አበጀች፣ አዳራሽ ተሠራ፣ የአዳራሽ ባለቤት የሚባል አለቃም መጣ። ከመካከላቸው አንዱ የሴቶቹን በኩል በር ላይ ቆሞ በየደቂቃው «ጨረስሽ?» ይለኝ ነበር፤ ሚስቱ አንድ ቀን ጫማዋን አውልቃ ከዚያ አባረረችልኝ። ቀለም ፎቶ ገባ፣ ማጠቢያ ማሽን ገባ፤ ማሽኑን የሚያሠሩት ወንዶች ስለነበሩ የሴቶቹን ፊልም ለማጠብ እኔ ራሴ ማሽኑ ቤት ገብቼ ወንዶቹን አስወጥቼ እሠራለሁ። ክፍያው አንዳንዴ ገንዘብ፣ አንዳንዴ ጨርቅ፣ አንዳንዴም «አላህ ይስጥሽ» ነው።

በየመሃሉ ግን ግጥም እማራለሁ። አዴር ኑር ስንኝ ይሰጠኛል፣ እኔ ጨለማ ክፍል ውስጥ እየደጋገምኩ ፊልም አጥባለሁ። የሚገዛው ድምፅ የትኛው ነው ይለኛል፤ እሳሳታለሁ፤ ይደግምልኛል። ሻይ ቤት የሚቀመጡ ሾፌሮች የወሎ ሴት የግመል ግጥም ስትል ሰምተው በሳቅ ሞተዋል። ይሳቁ። ቀስ በቀስ ጆሮዬ ዞረ። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ደረቷ ሲነሳ ማየት፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ማወቅ፣ ሁለተኛው ቃል አፏ ላይ ሲደርስ ቁልፉን መጫን። ከዚያ ወዲህ ፎቶዎቼ ውስጥ አፍ ሁሉ ክፍት ነው። አንዲት ሙሽራ፣ ያንቺ ፎቶ ይጮኻል ብላኛለች። ሰውነቴ ግን አላረፈም፤ ጥሩ ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ይህ የሳፊያ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፣ ደስታዬ እዚያው ላይ ይበላሻል።

አዴር ኑር ዓይኑ በሞራ ተሸፍኖ ከኖረ በኋላ ሞተ። እስከ መጨረሻው ቀን ይጠይቀኝ ነበር፤ ማየት ስላቆመ ለሱ የተለወጠ ነገር የለም፣ የኔን ፎቶ ድሮም በጆሮው ነው የሚያየው። ሲሞት ካሜራውን ለልጁ፣ በርጩማውን ለእኔ ሰጠ። አልቅሼ አልወጣልኝም። ፎቶ ቤቷን ተረከብኩና ሥራ አበዛሁ፤ ሥራ ሳበዛ የማለቅስበት ጊዜ አጣሁ።

ከዚያ ዓመታት አልፈው፣ ዲጂታል ካሜራ ገብቶ፣ እኔም ጉልበቴን ማሸት ከጀመርኩ በኋላ አንዲት ልጃገረድ ፎቶ ቤቴ መጥታ፣ ሐጃ ሳፊያ ሐሙስ ካሜራሽን ይዘሽ ነይ ብላለች አለችኝ። ሐጃ ሳፊያ ቤት በየሐሙሱ ሲታት እንደሚባል ሰምቻለሁ። ሲታት የሴቶች ውዳሴ ነው፤ ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ነቢያችንን፣ እናታችን ሐዋንና የነቢዩን ልጅ ፋጢማን በዜማ ያወድሳሉ። ወንድ አይገባም። የምትመራው ሐጃ ሳፊያ ናት። ለዘፈን የዘጋችውን ጉሮሮ ለዚህ ከፍታዋለች። እኔ ግን ፈርቼ አንድም ቀን አልሄድኩም ነበር።

ስገባ ሴቶቹ ካሜራዬን አይተው ተንጫጩ። አንዷ ውዳሴ ላይ ፎቶ ምን ይሠራል አለች፣ ሌላዋ ልጆቼ ኢንተርኔት ላይ ያዩኛል አለች። ሐጃ ሳፊያ ሁሉንም ካስጨረሰች በኋላ፣ የምትነሳው እሷ ብቻ መሆኗን፣ እሷም መሸፈኗን ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ ዘፈን ተይ አለኝ እንጂ አላህን ማወደስ ተይ አላለኝም» አለች። «አባዮ፣ አንድ ብቻ። ጠቅ ጠቅ አታብዢብን።»

አባዮ ማለት እህቴ ማለት ነው። ከዚያ ሰርግ ወዲህ እንደዚያ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ከክቡ ወጥቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ዲጂታል ነው፣ ፊልም አያልቅም፣ መቶ ባነሳ ማንም አይከለክለኝም፤ አንድ ብላኛለችና አንድ ነው። ከበሮው ጀመረ። ሴቶቹ ተቀበሉ፣ መለሱ፣ ተቀበሉ። ስለ ነቢዩ አለች፣ አላነሳሁም። ስለ ፋጢማ አለች፣ አላነሳሁም። ከዚያ የስንኙ ድምፅ ተለወጠ። «ሐ» መምጣት ጀመረ፣ አንድ ቃል፣ ሌላ ቃል፤ እናታችን ሐዋ ልትጠራ ነው። ደረቷ ሲነሳ አየሁ። «እናታችን ሐዋ ሆይ፣ በርሽ ላይ ነን፣ ልጆችሽ ተጠምተው መጡ» የምትለዋ ስንኝ ናት፤ በሶማልኛ ከፊት እስከ ኋላ በአንድ ድምፅ ትሄዳለች። ሁለተኛው ቃል አፏ ላይ ሲደርስ ቁልፉን ተጫንኩ። ካሜራውን ሽርጤ ውስጥ ጠቅልዬ ቁጭ አልኩና እንደ ሌሎቹ ሴቶች ተቀበልኩ።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ይዤላት ስሄድ ቤቷ እንግዳ ነበር። ያሲን ከዓረብ አገር መጥቷል። ጢሙ ሽበት የጀመረው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ እናቱ ስትነሳ የሚነሳ፣ ስትቀመጥ የሚቀመጥ ሰው ነው። ክፉ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ በዚያች ቅጽበት አዘንኩለት። ኤዶ አለኝ፣ አክስቴ ማለቱ ነው፤ ሻይ ራሱ አቀረበልኝ። ሐጃ ሳፊያ ፖስታውን ከእጄ ተቀብላ ሳትከፍተው ለልጇ አቀበለችው።

ከፈተው። ወደ መስኮቱ ዞሮ ብርሃን ላይ አየው። እናቱ ዓይኗ ተጨፍኖ፣ አንገቷ ላይ ጅማቱ ተገትሮ፣ አፏ ክፍት ነው። ጢሙን ያሻል፣ ይተዋል፣ መልሶ ያሻል።

«እናቴ፣ ምን እያልሽ ነው እዚህ ላይ?» አለ።

«እሷን ጠይቃት። ነበረች።»

ወደ እኔ ዞረ። ስንኙን በሶማልኛ አልኩለት። «ሐ» ጉሮሮዬ ላይ እንደ እነሱ አትወጣልኝም፤ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ፎቶውን ደግሞ አየው። ከዚያ ተነስቶ እናቱ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ።

«አንዴ በይልኝ» አላት። «አንቺ በይው። በጆሮዬ ልስማው።»

የሐጃ ሳፊያ ደረት ሲነሳ አየሁ። ያቺን ትንፋሽ ስንት ዓመት ተምሬያታለሁ፤ ጣቴ ባዶ ጉልበቴ ላይ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ትንፋሹን መልሳ ለቀቀችው። እጇን ጭንቅላቱ ላይ አደረገች።

«ያንተ ድርሻ ፎቶው ነው፣ ልጄ» አለችው።

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። እሱም አልተከራከራትም። ፎቶውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ እኔ ቀና አለ።

«ኤዶ፣ እባክሽ አንቺ ድገሚልኝ» አለኝ።

በወሎ ምላሴ ደገምኩለት።